መኮሮኒ በቋሊማና በአትክልት፦ ሐላል ማዕድ ከገዛ እጃችን



በዚህ ወር ይዘን የቀረብነው ጽሑፍ ስለ ድስት፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ መኮሮኒ ነው። «ቁርኣንና ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ስለ ወጥ ቤት ምን አገባው?» የሚለን ሊኖር እንደሚችል እናውቃለን። እኛም ብንሆን አንድ ተማሪያችን ባያስገድደን ኖሮ ብዕራችንን ወደዚህ ባላዞርነው ነበር። ነገሩን ከመነሻው እናውጋችሁ።

አንድ ቅዳሜ የዙህር ሶላት ተሰግዶ ልጆቹ ከመድረሳው ሲበተኑ፣ ከታላላቆቹ ተማሪዎቻችን አንዱ ወደ ኋላ ቀረ። ዕድሜው አሥራ አምስት ቢሆን ነው፤ ጸጥ ያለ ልጅ ነው። ጓደኞቹ መውጣታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ከፌስታል ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አወጣና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠ። ከውጭ አገር የመጣ የታሸገ ቋሊማ ነበር። በቆርቆሮው ላይ አንድ ሳህን ትኩስ መኮሮኒ ተሥሏል፤ በመካከሉ የተቆራረጠ ቋሊማ፣ ዙሪያውን ካሮትና ቃሪያ።

«ኡስታዝ፣ ጎረቤታችን ናት የሰጠችን። ጽሑፉን ማንበብ አቃተኝ። መብላት እንችላለን?» አለን።

ቆርቆሮውን አገላብጠን አየነው። ቋንቋው የማናውቀው ሆነ። የሐላል ምልክት የለበትም። ከምን እንስሳ እንደተሠራ የሚያሳይ ሥዕልም የለበትም። እኛም እውነቱን ነገርነው፤ «አናውቅም» አልነው።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ታናሽ እህቴ ሥዕሉን አይታ ይህን ሥራልኝ ብላኛለች። እኔም እሺ ብያታለሁ» አለ።

እናቱ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ አንዱ ከሄደች ሁለት ዓመት እንዳለፋት ያወቅነው ያን ዕለት ነው። አባቱ ሚኒባስ ይነዳል፤ ማታ አምሽቶ ይገባል። ሦስቱም በየፊናቸው ያገኙትን ይበላሉ። አባት ከተራው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት፣ ትንሿ ልጅ ከጎረቤት፣ እሱ ደግሞ ዳቦ በሻይ። «ሦስታችን አንድ ላይ የበላነው ባለፈው ዒድ ነው» አለን። ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚያንቀላፋ የገባን ያኔ ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት ስንፍና መስሎን ሁለት ጊዜ ተቆጥተነው ነበር። አላህ ይቅር ይበለን።

የቋሊማው ጥያቄ

ልጁ ያነሣው ጥያቄ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ ነው። በተለይም በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየሱቁ የሚገጥማቸው ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

ቋሊማ ማለት የተፈጨ ሥጋ ከስብ፣ ከጨውና ከቅመም ጋር ተለውሶ በቀጭን ልባስ ውስጥ የሚሞላ ምግብ ነው። ጣሊያኖች በፓስታ ላይ የሚጨምሩት ቋሊማ በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው። ለስልሳቸውም አንዳንድ ጊዜ ወይን ጠጅ ይጨምሩበታል። ስለሆነም በፈረንጅ የወጥ መጽሐፍ ላይ ያገኘነውን የአሠራር ዘዴ እንዳለ ወስደን ልንጠቀምበት አንችልም።

«የበሬ ሥጋ ነው» የሚል ጽሑፍ ማየቱም ብቻውን በቂ አይደለም። አንደኛ፣ በሬው እንዴት እንደታረደ ጽሑፉ አይነግረንም። ሁለተኛ፣ ሥጋው የበሬ ሆኖ ስቡ የሌላ እንስሳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሦስተኛ፣ ልባሱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። ልባሱ ከበግ፣ ከከብት ወይም ከአሳማ አንጀት ሊሠራ ይችላል። ከእንስሳት ቆዳ ከሚወጣ ኮላጅን ከተባለ ነገር የሚሠራም አለ። ከዕፅዋት ከሚገኝ ሴሉሎስ የሚሠራው ደግሞ ከመበላቱ በፊት ተልጦ የሚጣል ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ስለሚመሳሰል በዓይን ብቻ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢያን በእንግሊዝኛ «ፖርክ»፣ «ላርድ»፣ «ቤከን» ወይም «ሃም» ተብሎ የሚነበብ፣ በጣሊያንኛ «ማያሌ» ወይም «ስዊኖ»፣ በጀርመንኛ ደግሞ «ሽቫይን» የሚል ቃል ካገኛችሁ ነገሩ አሳማ መሆኑን እወቁ። ጽሑፉን ማንበብ ካልቻላችሁ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው። ኢማሙ ቲርሚዚና ነሳኢ ከሐሰን ኢብኑ ዐሊ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያጠራጥረንን ትተን ወደማያጠራጥረን እንድንሄድ መክረውናል።

ለልጁም ይህንኑ ነገርነው። ቆርቆሮውን ሳይከፍት በምስጋና ለጎረቤቲቱ እንዲመልስ፣ ምክንያቱንም በትሕትና እንዲያስረዳት መከርነው። ይሁን እንጂ «ይህ አይሆንም» ብሎ ልጅን ባዶ እጁን መስደድ ማስተማር አይደለም። ሐራሙን ወይም አጠራጣሪውን በር ስንዘጋ የሐላሉን በር መክፈት ይጠበቅብናል። በዚህ ምክንያት ልጁን «ነገ ከዐስር በኋላ እህትህን ይዘህ ወደ ቤታችን ና» አልነው።

«ቋሊማ ከፈረንጅ ነው የመጣ ያላችሁ ማነው?»

ማታ ጉዳዩን ለእናታችን ስናጫውታቸው ሳቁብን። «ቋሊማ ከፈረንጅ ነው የመጣ ያላችሁ ማነው? እኛ ልጆች ሳለን እናቶቻችን ሥጋውን ከቅመም ጋር ለውሰው፣ በታጠበ አንጀት ሞልተው፣ ከጭሱ በላይ ሰቅለው ያደርቁት አልነበር?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቋሊማ የሚለው ቃል ራሱ የፈረንጅ ቃል አይደለም። በዓል በመጣ ጊዜ ከሚታረደው ከብት ሥጋ ቋሊማ ማዘጋጀት በአገራችን የታወቀ ባለሙያነት ነው።

የፓስታውም ነገር ቢሆን ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። በአገራችን ፓስታ የተስፋፋው ከጣሊያኖች ጋር ተያይዞ መሆኑ አይካድም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርራ በቆየችበት ዘመንና ከዚያም በፊት በኤርትራ በነበራት ይዞታ ምክንያት ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ስልስ፣ ስጎና ዝኩኒ የሚሉት ቃላት ከነምግቡ ገብተው ቀርተዋል። በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድም «ባስቶ» ከ«ሱጎ» ጋር የዘወትር ምግብ ነው፤ ከጎኑ ሙዝ የሚጨምሩበትም ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደ ኋላ ስንገፋው ሙስሊሞች በመካከሉ ይገኛሉ። ታዋቂው የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ኢድሪሲ በሲሲሊ ደሴት በንጉሥ ሮጀር 2ኛ ቤተ መንግሥት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1154 (548 ዓመተ ሂጅራ) ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ ከፓሌርሞ ብዙም በማትርቀው ትራቢያ በተባለች ስፍራ ስለሚሠራው «ኢጥሪያ» ጽፏል። ኢጥሪያ ከስንዴ ሊጥ የሚሠራና ደርቆ የሚቀመጥ የፓስታ ዓይነት ሲሆን፣ በመርከብ እየተጫነ ወደ ካላብሪያ፣ እንዲሁም ወደ ሙስሊሞችና ወደ ክርስቲያኖች አገሮች ይላክ እንደነበር ገልጿል። ማርኮ ፖሎ ፓስታን ከቻይና አመጣ የሚለው ተረት በብዙ ሰው አፍ ላይ አለ። ነገር ግን ማርኮ ፖሎ ወደ ቬኒስ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1295 ነው፤ ይኸውም አል-ኢድሪሲ ከጻፈ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ያወሳነው ለፉክክር አይደለም። ልጆቻችን ፓስታ ሲበሉ የሰው ነገር እንደተዋሱ እንዳይሰማቸው ነው። ደረቅ ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ እንኳ በአገራችን ማሳዎች ላይ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ዓይነት ሲበቅል የኖረ ነው።

ቋሊማውን በገዛ እጃችን

በማግሥቱ ልጁ ከሰባት ዓመት እህቱ ጋር መጣ። እናታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው አዘዙ፤ እኛና ልጁ ሠራን። ከዚህ በታች ያለው ልኬት ለስድስት ሰው የሚበቃ ነው። ሦስት ከሆናችሁ በግማሽ ቀንሱት።

ለቋሊማው የሚያስፈልጉት፦
- ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ትንሽ ስብ ያለው
- አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት
- አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል
- አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው
- አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ
- ቁንጥር ኮረሪማ፣ ለሚወድ ደግሞ ትንሽ ሚጥሚጣ
- ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ
- ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ

ሥጋውን ከምታምኑት የሙስሊም ሥጋ ቤት ግዙና እዚያው በፊታችሁ አስፈጩት። እንዲህ ስታደርጉ የአራጁንም የሥጋውንም ነገር ታውቃላችሁ።

ቀይ ሽንኩርቱን በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁና በእጃችሁ ጭመቁት። ይህችን ነገር አትዝለሏት። የሽንኩርቱ ውሃ ከሥጋው ጋር ከገባ ቋሊማው ሲጠበስ ይፈርሳል። ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ውቀጡ። ከዚያም ሁሉንም በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ እንደ ሊጥ እሹት። ጨው ከሥጋው ውስጥ የሚያጣብቅ ነገር ስለሚያወጣ፣ ሲታሽ ሥጋው እየያያዘ በእጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ካላችሁ ሸፍናችሁ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከሌላችሁ ደግሞ ሳትዘገዩ ወዲያው ሥሩት።

እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ የመሐል ጣት በሚያህል ርዝመት አድቦልቡሉት፤ አሥራ ስድስት ያህል ይወጣዋል። አንጀትም ልባስም አያስፈልገውም። በመጥበሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉና ቋሊማዎቹን ሳታጨናንቁ ደርድሩ። መጀመሪያ የነካው ጎን ቡናማ ሆኖ ራሱ እስኪለቅ ድረስ አትንኩት። ከዚያ እያገላበጣችሁ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ በመካከለኛ እሳት ጥበሱ። አንዱን ለሁለት ቆርጣችሁ ስታዩት ውስጡ ቀይ መሆን የለበትም። በጥሬ ሥጋ ላይ ላዩን የሚኖር ጀርም ሥጋው ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ፣ የተፈጨ ሥጋ እንደ ጥብስ ለብ ተደርጎ አይበላም።

ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳታጥቡ አትክልት አትክተፉበት። እጃችሁንም እንዲሁ።

ስልሱና አትክልቱ

ለስልሱ የሚያስፈልጉት፦
- ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
- ስድስት የበሰሉ ትልልቅ ቲማቲሞችና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ
- ሁለት ካሮት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ አንድ ዝኩኒ፣ አንድ የፈረንጅ ቃሪያ
- አንድ እፍኝ የተከተፈ ቆስጣ
- አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ወይም በሶብላ
- ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ለመቅመስ ያህል ጨው

አትክልቱን ሁሉ በመጀመሪያ እጠቡ። ሽንኩርቱን በዘይት፣ ሳያርር፣ ለስልሶ ወርቅማ እስኪመስል አቁላሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። የስልሱ ጣፋጭነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩና አንድ ደቂቃ አማስሉ። ቀጥሎ የቲማቲሙን ድልህ አስገብታችሁ ቀለሙ ደመቅ እስኪል ድረስ ከዘይቱ ጋር አቁላሉት። ከዚያም የተከተፈውን ቲማቲም ጨምሩ።

አትክልቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ካሮት ሲበስል ዝኩኒው ሟሙቶ እንዳይጠፋ ተራ አለው። መጀመሪያ ካሮትና ፎሶሊያ ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር ገብቶ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበስላል። ቀጥሎ ዝኩኒና የፈረንጅ ቃሪያ ለስድስት ደቂቃ። ቆስጣውና የጥብስ ቅጠሉ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ። በመጨረሻም የተጠበሰውን ቋሊማ እያንዳንዱን ለሦስት ቆርጣችሁ፣ በመጥበሻው ውስጥ ከቀረው ጭማቂ ጋር በስልሱ ላይ ጨምሩት።

ሥጋ ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ቤተሰብ በግማሹ ሥጋ ይሥራና የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር ይጨምርበት። ድንች በትንንሹ ከትፎ ከካሮቱ ጋር ማስገባትም ያጠግባል። ጣዕሙ አይጓደልም።

መኮሮኒው

ለስድስት ሰው አንድ እሽግ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ይበቃል። ለዚህ ምግብ ከረጅሙ ፓስታ ይልቅ ቀዳዳ ያለው አጭር መኮሮኒ ይሻላል፤ ስልሱ ወደ ውስጡ ይገባልና።

በትልቅ ድስት ከአራት እስከ አምስት ሊትር ውሃ አፍሉ። በደንብ ሲንተከተክ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩና መኮሮኒውን አስገቡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች እንዳይጣበቅ አማስሉት። ብዙዎቻችን ውሃው ላይ ዘይት እንጨምራለን። ዘይቱ ግን ከላይ ከመንሳፈፍ በቀር ጥቅም የለውም፤ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ብዙ ውሃና ማማሰል ነው።

በእሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ብዙ ጊዜ ለአዲስ አበባ ሰው አይሠራም። ምክንያቱም ሳይንስ ያስተማረን ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደግሞ በ96 ዲግሪ ገደማ። ስለሆነም ደገኛው ሁለት ሦስት ደቂቃ ሊጨምርበት ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንዷን አውጥቶ መቅመስ ነው። በጥርስ ሲነከስ ለስላሳ ሆኖ መሐሉ ትንሽ ጠንከር ሲል አውርዱት።

ከማጥለላችሁ በፊት ከቀቀላችሁበት ውሃ አንድ ኩባያ አስቀሩ። ካጠለላችሁ በኋላም በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቡት። በየቤቱ የለመድነው ማጠብ በመኮሮኒው ላይ ያለውን ስታርች ያስወግደዋል፤ ስልሱም ሳይያያዝ ከሳህኑ ሥር ይቀራል። ይልቅስ ትኩሱን ወደ ስልሱ ድስት ገልብጡት፤ ካስቀራችሁት ውሃ ግማሽ ኩባያ ጨምሩና በእሳት ላይ ለሁለት ደቂቃ አማስሉ። ደረቅ ካለ ውሃ ጨምሩበት። ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

ልጁ በእኛ ቤት ያየውን በሳምንቱ በቤቱ ሞከረ። ቅዳሜ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ብንለው ቋሊማውን ሳይጠብስ ጥሬውን በሚፈላው ስልስ ውስጥ እንደጨመረው ነገረን። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ነው። ሽንኩርቱንም አልጨመቀውም። ሁሉም ተበታትኖ ስጎ ሆነ። ትንሿ እህቱ ሳህኑን በሹካ እየፈለገች «ቋሊማው የት ሄደ?» ብላ እንዳለቀሰች ሲነግረን እኛ ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። አባቱ ያን ምሽት እንደ ልማዱ አምሽቶ ገብቶ፣ ድስቱን ከፍቶ አይቶ፣ በልቻለሁ ብሎ ተኛ።

ከዚህም በላይ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ በመስኮት አይቶት ኖሮ በሠፈሩ «ሴቲቱ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። «ኡስታዝ፣ ከእንግዲህ አልሠራም» አለን።

እኛም ያን ቀን የተዘጋጀውን ትምህርት ትተን ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚል። አንዱ «ይሰግዱ ነበር»፣ ሌላው «ያስተምሩ ነበር» አለ። ይህንኑ ጥያቄ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው የመለሱት መልስ በቡኻሪ ተዘግቧል። መልእክቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ ይሆኑ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ነው። ይህን ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። «እንግዲህ እናቱ በሰው አገር ለእሱና ለእህቱ ስትለፋ፣ እሱ ለእህቱና ለአባቱ ራት ቢሠራ ከሁለት አንዱን ምረጡ፤ ይህ ውርደት ነው ወይስ ሱና?» አልናቸው። የመለሰልን የለም። ነገር ግን ከትምህርት በኋላ ሁለት ልጆች ወደ ልጁ ጠጋ ብለው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲሉት ሰምተናል። አንደኛው ያው በመስኮት ያየው ነበር።

ማዕዱ

ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ልጁ ሽንኩርቱን ጨመቀ፤ ቋሊማውን አስቀድሞ ጠበሰ። አባቱንም ጠዋት ከመውጣቱ በፊት «አባዬ፣ ዛሬ እስከ ዒሻ እንጠብቅሃለን» አለው። አባት ምንም አልመለሰም። ልጁ ግን እህቱን እንቅልፍ እንዳይወስዳት ቁርኣኗን እያስቀራት ጠበቀ። ዒሻ ተሰግዶ ጥቂት እንደቆየ በሩ ተንኳኳ። ሦስቱ በአንድ ሳህን ዙሪያ ተቀመጡ። አባት «ማን ሠራው?» ሲል ትንሿ ልጅ እጇን አውጥታ «እኔና ወንድሜ!» አለች። የእሷ ድርሻ ፎሶሊያውን መቀንጠስ ነበር።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሓባዎች እንበላለን ግን አንጠግብም ብለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከቱ ጊዜ፣ ምናልባት ተለያይታችሁ የምትበሉ ይሆናል፤ ለምግባችሁ ተሰብሰቡ፣ የአላህንም ስም አውሱበት፣ በረካ ይሆንላችኋል የሚል መልእክት ያለው ምክር ሰጥተዋቸዋል። ይህን ሐዲስ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፈን አስተምረናል። እውነቱን ለመናገር ግን ትርጉሙ ጠልቆ የገባን በዚህ ልጅ ቤት ምክንያት ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ፈጽሞ የሚበሉት አጥተው አልነበረም። ዳቦውም፣ የጎረቤቱም ሳህን፣ የምግብ ቤቱም ራት ነበር። ያጡት መሰብሰቡን ነበር።

ጎረቤቲቱስ? ቆርቆሮዋ ሲመለስላት አልተቀየመችም። እሷ ክርስቲያን በመሆኗ እነሱ የሚያርዱትን ሥጋ አትበላም፤ ስለዚህ ልጁ ስልሱን ሲሠራ ቋሊማው ከመግባቱ በፊት አንድ ሳህን ለእሷ ቀንሶ ያስቀምጣል። በጾሟ ቀን ሳይቀር የምትበላው የአትክልት መኮሮኒ ይሆንላታል። ለእህቱ ስትሰጥ የኖረችውን እንጀራ በዚህ መጠን ባይከፍለውም፣ ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም።

ውድ ወላጆች፤ ከዚህ ጽሑፍ የምናሳስባችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወንዶች ልጆቻችሁንም ወጥ ቤት አስገቧቸው። ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከቤት ሲወጡ ከአጠራጣሪ ምግብ የሚጠብቃቸው ይኸው ሙያ ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት እንኳ ቢሆን ሁሉም ሰው የሚገኝበትን ማዕድ ወስኑ። ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያን ሰዓት ይረፍ። ሦስተኛ፣ የሠራችሁትን አታባክኑ። በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 እንድንበላና እንድንጠጣ ከተፈቀደልን ጋር እንዳናባክን ታዘናል። የተረፈውን መኮሮኒ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳታቆዩ በማቀዝቀዣ አስቀምጡና በማግሥቱ በትንሽ ውሃ በደንብ አግሉት።

እናንተም ወጣቶች፤ ሠርታችሁ ስታቀርቡ ቢስሚላህ በሉ፣ በቀኝ እጃችሁ ከፊት ለፊታችሁ ብሉ፣ የመጀመሪያውን ቁራሽም ለታናናሾቻችሁ አስቀድሙ።

ይህን ጽሑፍ ከማጠናቀቃችን በፊት ልጁን ስለ ታሪኩ መጻፍ እንችል እንደሆነ ጠይቀነው ነበር። «ስሜን አትጻፉ እንጂ ጻፉት» አለን። ከዚያም ባለፈው ጁሙዓ እናቱ መደወሏን ነገረን። እህቱ ስልኩን ነጥቃ ቋሊማውን፣ ካሮቱን፣ ፎሶሊያውን አንድ በአንድ ቆጥራ ነግራታለች። እናትየዋ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አባታችሁ አብሯችሁ በላ?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፣ እማዬ» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ስመጣ ለእኔም ትሠሩልኛላችሁ» አለች።

ልጁ ይህን ከነገረን በኋላ ደብተሩን ከፍቶ የስድስት ሰውን ልኬት ለአራት ሰው እንዴት እንደሚያወርደው ጠየቀን። የሒሳብ መምህርም ነንና ቁጭ ብለን አብረን አሰላነው።